ዘሩ የማን ነበር

አንበሳሜ የሄድኩት አበረ የያዘውን ግማሽ ድርሻ ለመረከብ ነው። ለመለመን አላልኩም፣ ለመረከብ። ወረቀቱን አስተይቤ፣ የእሱ ፊርማ ብቻ እስኪቀረው ድረስ ጨርሼ በቦርሳዬ ይዣለሁ። ቁጣዬንም እንዲሁ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሚኒባሱ ጉማራ ድልድይ እስኪደርስ በልቤ ሦስት ጊዜ ሰድቤው ጨርሻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና አበረ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን ወረታ ላይ አንድ ትንሽ ድርጅት አቋቋምን። ሁለት ሰው ተሸክሞ ጭቃ የሚያሻግረው የሩዝ መውቂያ ማሽን እንሠራለን። ፎገራ ላይ ከባድ ማሽን ማሳው ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ገበሬው ነዶውን በጀርባው አዝሎ ደረቅ መሬት ድረስ ይመላለሳል፤ እዚያም ሲወቃ ሩዙ ከጠጠር ጋር ይቀላቀልበታል። የእኛ ማሽን ይህን ያስቀራል።

ድርጅቱን ስናስመዘግብ «ድርሻችሁ ስንት ስንት ነው?» ተባልን። ሁለታችንም የገበሬ ልጆች ነንና ሳናስብ «እኩል» አልን፤ አንዱ መሬት ሌላው በሬ አምጥቶ ምርቱን እኩል እንደሚካፈለው ማለት ነው። አንዳችን ትተን ብንሄድስ ብሎ የጠየቀ የለም። የእኩል እርሻ መከር ሲገባ ያበቃል፣ በዓመቱ ከፈለግህ ከሌላ ሰው ጋር ታርሳለህ። ድርጅት ግን እንዲህ ያለ ማብቂያ የለውም። ይህ ሲገባኝ ጊዜው አልፎ ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!

አበረ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ሄደ። አባቱ መሪጌታ ይሄይስ እግራቸው ተሰብሮ ደግፎ የሚያነሣቸው ሰው አስፈለጋቸው፤ እሱም አንበሳሜ በመምህርነት ተቀጥሮ አብሯቸው ገባ። ለአባቱ መሄዱን አልጠላሁበትም። የጠላሁት ሁለት ዓመት ሙሉ ግማሹን እንደያዘ መቀመጡን ነው። ብረት የቆረጥነውና ጭቃ የገባነው እኔና አምሳል ነን። አምሳል በያጃችን ናት። የመንግሥት ሥራዋን ትታ፣ በእኔ ቃል ብቻ ነው የመጣችው።

አሁን ከአዲስ አበባ አንድ ባለሀብት መጥቷል። «ትቶ የሄደ ሰው ግማሹን ይዞ እኔ ገንዘቤን አላስገባም» አለኝ። እውነቱን ነው። መስከረም ሳያልቅ ይህን ካላስተካከልኩ ይተወኛል። እሱ ከተወኝ ለኅዳር አጨዳ ማሽን አናደርስም፣ አምሳልንም ወደ ቤትሽ ግቢ ልላት ነው።

ሐሙሲት ላይ መኪና ቀይሬ አንበሳሜ ስደርስ አበረ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል።

«ለብቻችን እናውራ» አልኩት።

«የለም፣ አባባ ባሉበት ይሁን።»

መሪጌታ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው አጠገባቸው ተደግፏል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እንዴት ከረሙ የኔታ?»

«ይመስገነው። ኧረ እናትሽ እንዴት ሆነች? ወደቀች ብለሽ በሬዲዮ ስትናገሪ ሰምተን ደንግጠን! ከዚያ ወዲህ ስሟን በጸሎት ሳልጠራ አድሬ አላውቅም። ተሻላት?»

ፊቴ ጋለ። አምና ባሕር ዳር ተደርጎ በሬዲዮ በተላለፈ ውድድር ላይ «ሐሳቡ እንዴት መጣልሽ?» ሲሉኝ፣ እናቴ ነዶ ተሸክማ ጭቃው ላይ ስትወድቅ አይቼ ነው ብዬ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ባለሀብቱም ያን ሰምቶ ነው ፈልጎ ያገኘኝ። እናቴ ግን አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም።

«ደኅና ናት» አልኩና ቶሎ ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ።

ጉዳዩን አስረዳኋቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና እንደ እርሻ ዳኛ ይጠይቁኝ ጀመር።

«መሬቱ የማን ነው?»

«ማሽኑ የሚሠራው እናቴ ግቢ ውስጥ ነው።»

«በሬውስ?»

«የብየዳ ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አረመ?»

«የመጀመሪያውን ዓመት አብረን። ከዚያ ወዲህ እኔና አምሳል።»

በየመልሱ ልቤ ሞቅ እያለው ሄደ። አበረ መሬት መሬት ያያል። ክርክሩን የረታሁ መሰለኝ።

«ዘሩስ?» አሉ መሪጌታ። «ዘሩ የማን ነበር?»

አበረ ቀና ብሎ አየኝ።

ያ ቀን መጣብኝ። ድርጅቱን ከማቋቋማችን በፊት፣ ኅዳር ነበር። ወረታ አጠገብ የመሪጌታን ሩዝ ለማጨድ ደቦ ወጥተን፣ እሳቸው ነዶ እንዳዘሉ ጭቃው ከዳቸውና ወደቁ። አበረ ከጭቃው እያነሣቸው፣ እያለቀሰ፣ «ሩዙ ወደ አውድማው ከሚሄድ አውድማው ወደ ሩዙ ቢመጣስ?» አለ። እኔ በሌላው ክንዳቸው በኩል ነበርኩ። ባሕር ዳር ላይ ያጨበጨቡልኝ ለዚህ ቃልም ነው፤ አንዲት ፊደል ሳልቀንስ የራሴ አድርጌው ነበር።

«የአበረ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ያላረመ እኩል አይልም» አሉ መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞረው። «ዘር ግን ምርቱ ሳይከፈል በፊት ለባለቤቱ ይወጣል።»

ወረቀቱ ላይ «ምንም ድርሻ አይኖረውም» የሚለውን ሰርዤ «ከአሥር አንድ» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። አበረ አንብቦ ፈረመ።

«ሬዲዮኑን የሰማህ ዕለት ለምን አልደወልክልኝም?» አልኩት።

«አንቺ ትደውያለሽ ብዬ» አለኝ።

የመጣሁበት ተፈጽሟል። ወረቀቱን አጥፌ ልሄድ ስነሣ መሪጌታ እጄን ያዙኝ።

«እናትሽን ወንዛዬ ውሰጃት። ፍል ውኃው ለአጥንት መልካም ነው፣ እኔንም ትንሽ ያራመደኝ እሱ ነው። መኪና ካስቸገረሽ አበረ ይውሰዳት።»

ነገር ቢሆን፣ አሽሙር ቢሆን እችለው ነበር፤ አፌ ለመልስ አይሰንፍም። ፊታቸውን አየሁት። አሽሙር አልነበረም። ሰውየው ከልባቸው ነው።

«እናቴ አልወደቀችም የኔታ» አልኩ። «የወደቁት እርስዎ ነዎት። የእርስዎን መውደቅ ነው የእናቴ ነው ብዬ ያወራሁት።»

አበረ ፊቱን አዞረ። እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ።

«አልወደቀችም?»

«አልወደቀችም።»

«እሰይ!» አሉና አማተቡ። «እንኳን አልወደቀች።»

እንባዬ መጣ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

ከበሩ ሳልርቅ ስልኬን አወጣሁ። አምሳል ትዝ አለችኝ፤ ዛሬም መነጽሯን አድርጋ እየበየደች ትጠብቀኛለች። ፊርማው እጄ ላይ ነው፣ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ደወልኩ። ባለሀብቱ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።

«እህ፣ ፈረመ?»

«ፈርሟል» አልኩት። «ግን ገንዘብዎን ከማስገባትዎ በፊት፣ ጭቃው ላይ የወደቀው ሰው ማን እንደሆነ ልንገርዎት።»