ወንበር ተሸክሞ ካሜራ ፍለጋ

አናጺው ካሜራ ሊገዛ ሲወጣ ወንበር ተሸክሞ ነበር። ያየው ሁሉ ቆሞ አየው፤ የትራፊክ መብራቱ እንኳ ሳይደነግጥ አልቀረም።

ሰውየው ምክንያት ነበረው። አዲስ ሆቴል የምትከፍት ሴትዮ ለእንግዳ መቀበያዋ ወንበሮች ልታሠራ ፈልጋ፣ «ዛሬ ሳይመሽ ጥሩ ፎቶ ላክልኝ፤ ከሌሎቹ ጋር አይቼ እወስናለሁ» ብላዋለች። በስልኩ ያነሳው ፎቶ ላይ ግን ያ በምድር ላይ አቻ የሌለው ባለመደገፊያ ወንበር የተቃጠለ ዳቦ ይመስላል። ይህ ሥራ ካመለጠው ወርክሾፑን ዘግቶ ሰው ቤት መቀጠሩ ነው።

«ሻጩ የሚያሳየኝ ፎቶማ ሁሌም ያምራል» ብሎ ነበር ጠዋት ለሚስቱ። «የኔን ወንበር ያንሳና ልየው!»

እነሆ፣ ከሚስቱ ጋር በየተራ እየተሸከሙ ከተማውን አዳረሱት። ያልገቡበት የካሜራ ሱቅ ካለ ገና ያልተሠራው ብቻ ነው። አንዱ ሻጭ ስለ ሜጋፒክስል ሲያወራ ምላሱ ሊጤስ ምንም አልቀረውም። አናጺው አዳመጠና ካሜራውን እንደ ሳንቃ በጣቱ አንኳኳው።

«ውስጡ ባዶ ነው» አለ።

ሻጩ ራሱን ሊስት ነበር።

ሌላው ዋጋ ሲጠራ አናጺው የሚቀመጥበት ፈለገ። ወንበሩን አየው። አልተቀመጠም። ከተሠራ ጀምሮ ጭረት እንዳያርፍበት ብሎ ፍጡር አስቀምጦበት አያውቅም፤ ሚስቱንም ጭምር።

«አንተ ሰውዬ፣ ወገቤ ተቆረጠ እኮ! ትንሽ አረፍ ልበልበት» አለችው።

«በሞቴ! ከፎቶው በኋላ።»

«ከፎቶው በኋላማ እኔ የለሁም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ ደረሱ። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያዛጋል። ወንበሩን ሲያይ አልሳቀም፤ ለመሳቅም ደክሞታል።

«ጀማሪ ነህ?»

«በካሜራ ጀማሪ፣ በእንጨት ንጉሥ።»

«እንግዲያው ንጉሥ ሆይ፣ ለአዲስ ካሜራ አትጨነቅ» አለና አንዲት ጥቁር ካሜራ ከመደርደሪያ አወረደ። «መልኳ ተራ ነው፣ ሌንሷ ግን ጥሩ ነው። ለጀማሪ ገንዘብ የሚወጣው ለሌንስ ነው። ሌላው ብርሃን ነው፤ በር ላይ ውጡና ሞክሯት።»

ዋጋው ከአቅማቸው አላለፈም። አናጺው ሊያንኳኳት እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ቀድማ ነጠቀችው።

ውጭ ወንበሩን ግድግዳው ሥር አቆሙት። ሚስቲቱ አነሳች። ደብዘዝ አለ። ደግማ አነሳች። ጥርት ብሎ ወጣ፤ ግን ወንበር ነው፣ እንደ ማንም ወንበር።

«የትኛውን ቁልፍ ልጫን?» ብላ ልትጠይቅ ወደ ውስጥ ገባች።

ስትመለስ ዓይኗን አላመነችም። ባሏ ወንበሩ ላይ ነው! እጆቹ በመደገፊያዎቹ ላይ ተዘርግተዋል፣ ራሱ ወደ ኋላ ተጥሏል፣ አፉ ተከፍቷል፤ የሚያንኮራፋው ሦስት ሰፈር ይሰማል። የምሽቷ ፀሐይ በጎን በኩል ወድቃበት እንጨቱ ማር መስሏል።

«እኔን ከልክሎ!» አለች። ልትቀሰቅሰው ተጠጋች። ከዚያ ቆም አለችና ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሳች።

ባለሱቁ ፎቶውን ወደ ስልኳ አሻገረላት። ለሆቴሏ ባለቤት ላከችው። ብዙም ሳይቆይ ተደወለ።

«ሰውየው ተኝቷል ወይስ ሞቷል?»

«ተኝቷል፣ እመቤቴ። ባሌ ነው፤ ወንበሩንም የሠራው እሱ ነው።»

«የሌሎቹ ወንበሮች ያምራሉ፣ ሰው ግን የሚቀመጥባቸው አይመስልም» አለች ሴትዮዋ። «እንግዶቼ ከመንገድ ደክመው ነው የሚመጡት። ነገ ይምጣና እንዋዋል።»

አናጺው በርግጎ ነቃ። «ጫርኩት እንዴ?»

«ሥራውን አገኘኸው» አለችው።

ደረቱ ወዲያው ተነፋ። «አላልኩሽም? ፎቶ እንዴት እንደሚነሳ እኔ…»

«አንተማ የምታውቀው ማንኮራፋት ነው።»

መንገዱን አየ፤ ረጅም ነው። ወንበሩን አየ፤ ከባድ ነው። «እንግዲህ ካሜራዋን እኔ ልያዛት፣ እንዳትሰበር» አለ።

ሚስቱ ካሜራዋን እጁ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ የሚያስነሳት ጦር ገና አልተፈጠረም።