ንጹሑ ኖታ

ሰዉ ሁሉ ላጲስ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ጋሼ ናቸው፤ እሱም ኮርቶበት ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት ተጠራበት። ጋሼ ማለት ለትንፋሽ መሣሪያ ባንድ ሙዚቃ ሲደርሱ፣ ልጅ ሲያስተምሩ፣ ሲቆጡና ሲታረቁ ኖረው ባለፈው ወር ያረፉት መምህር ናቸው። ዛሬ በከተማው ትራምፔት አንሥቶ የሚነፋ ሁሉ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ነው፣ ወይ እሳቸው ያስተማሩት ሰው ያስተማረው።

ላጲስ ደግሞ የባንዱ ኖታ ክፍል ኃላፊ ነው። ክፍሉ ከአዳራሹ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮትና አራት የብረት መደርደሪያ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ደንቡ ቀላል ነው። ኮንሰርት ሲያልቅ ኖታ ይመለሳል፤ በእርሳስ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ በቀለም የተጻፈው ብቻ ለሚቀጥለው ተጫዋች ይቀመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ደንብ በግማሽ ልብ ነበር የሚፈጽመው። ላጲስ ግን ወይ ፍንክች! እያንዳንዷን ጭረት ፈግፍጎ፣ ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠርጎ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ካላየ እንቅልፍ አይወስደውም።

ቅዳሜ የጋሼ መታሰቢያ ኮንሰርት አለ። ባለቤታቸው እትዬ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሼ ለልጃቸው የጻፉትን ሙዚቃ መስማት። ልጅቱ የባንዱ ፍሉት ተጫዋች ነበረች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወተችው፤ ዓመት ሳይሞላት ታማ ሞተች። ጋሼም ያንን ሙዚቃ ዳግመኛ አላስጫወቱትም። የቀዳውም ሰው የለም።

"ዓይኔ እንደሆነ ሄዷል" አሉት እትዬ አዲሱን የባንድ መሪ። "ፎቶዋን አላይ። ልጄን የማገኛት እዚያች ፍሉት ውስጥ ብቻ ነው። አንዴ ልስማትና ከዚያ እንደ ፍጥርጥሬ።"

ሐሙስ ጠዋት ልምምድ ላይ እትዬ ከዘራቸውን ይዘው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ላጲስ ፋይሉን ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ኖታውን ለየተጫዋቹ አድሎ፣ በሩ አጠገብ ቆመ። ሲጀመር ደህና ነበር። ከዚያ ሁሉም ዝም አለና ፍሉቷ ብቻዋን ቀረች። ወጣቷ ተጫዋች ኖታው ላይ ያለውን አንድም ሳታዛንፍ ነፋች፤ ረጅም፣ ደረቅ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ረጅም፣ ደረቅ ድምፅ። የበር ደወል ይሻላል።

እትዬ ከዘራቸውን አነሡ። "ቆይ፣ ቆይ! ይሄ የማን ነው?"

"የጋሼ ነው እኮ እትዬ። ራሳቸው በቀለም የጻፉት" አለ መሪው።

"የጋሼህን ሥራ ለኔ ልትነግረኝ ነው? በቀለም አጥንቱን ነበር የሚጽፈው። ሥጋውን ልምምድ ላይ፣ ከተጫዋቹ ጎን ቆሞ እየሰማ በእርሳስ ነው የሚሞላው። ከልጄ ጎን ሦስት ሳምንት ቆሟል። እርሳሱን እይ!"

መሪው ወረቀቱን ከወጣቷ ተጫዋች ተቀብሎ መብራት ሥር ያዘው። ገለበጠው። "እርሳስ የለበትም" አለ።

ላጲስ ክው አለ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ በሆዱ፤ መሬት ግን የት ትሰማለች።

"እኔ ነኝ እትዬ" አለ። "በኮንሰርቱ ማግስት አጠፋሁት። ደንብ ነው ብዬ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እትዬ አልተቆጡም። ቢቆጡት ምንኛ በተሻለው! ሽማግሌው ክላርኔት ተጫዋች "እኔ አስታውሰዋለሁ፣ እንዲህ ነበር" ብሎ አንጎራጎረ። ትራምፔቱ "ኧረ ወዲያ! ያ የሌላ ነው" አለው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ መሪው ወረቀቱን ለላጲስ ሰጠውና "እስቲ መስኮት ላይ ያዘው፣ የእርሳሱ ጫና ምልክት ትቶ ይሆናል" አለው።

ላጲስ ኖታ ክፍሉ ገብቶ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አነሣ። ምንም የለም። እጁ ጨርሶ ነበር የፈገፈገው። እዚያው ቆሞ ሳለ አንድ ነገር ትዝ አለው። ልጅቱ በተቀበረች በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ወደዚህ ክፍል መጥተው ይህንኑ ወረቀት ጠይቀዋል። ይህችው መስኮት ላይ ይዘው ብዙ አይተውታል። ከዚያ "ንጹሕ ነው" አሉና መልሰው ሰጥተውት ሄዱ። ላጲስ ደግሞ፣ የሱ ነገር፣ ተመሰገንኩ ብሎ ማታ ለሚስቱ አወራላት! ጋሼ ከዚያ ወዲያ አንድም አዲስ ሙዚቃ አልጻፉም። ሰው ሁሉ ኀዘን ነው አለ። እሱም ኀዘን ነው ብሎ ነበር።

እያለቀሰ ሳለ የራሱ ኖታ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ትልቁን ከበሮ የሚመታው እሱ ነበር። ከበሮውን ትቶ ኖታ ክፍል ሊገባ የመጨረሻ ኮንሰርቱ ስለነበር የከበሮውን ኖታ ለማስታወሻ ወደ ቤቱ ወስዶታል፤ በዕድሜው የጣሰው ደንብ ያ ብቻ ነው። ጋሼ ደግሞ ከበሮ መቺው መግቢያው እንዳይጠፋው የሌላውን ዜማ ጥግ ላይ በእርሳስ ይጽፉለት ነበር። ወደ ቤቱ ሮጠ።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?" አለች ሚስቱ።

ከቁምሣጥኑ አናት ካርቶኑን አወረደ። ወረቀቱ አለ! በቀለም "ሠላሳ ሁለት ባር ዝምታ" ይላል፤ ፍሉቷ ብቻዋን ስትነፋ ከበሮ መቺው አራት አራት ምት እየቆጠረ የሚጠብቅበት ነው። ከሥሩ እርሳስ አለ፣ የጋሼ እጅ፣ ፍንትው ብሎ። ዜማ ግን አይደለም። ቃል ነው።

ወደ አዳራሹ ሲመለስ ሰው ተበትኗል። እትዬ ብቻቸውን እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ።

"አገኘህ?" አሉ በኮቴው አውቀውት። ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ ነበር፤ እሱ ነው አንጀቱን የበላው።

"ጋሼ ለኔ የጻፉት ነው" አለና አነበበላቸው። "'አንተ፣ አትቁጠር። እኔ እጠራሃለሁ። እሷን ስማት።'"

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ዳሰሱት። "ስማት ብሎሃል" አሉ ቀስ ብለው። "ታዲያ ምን ሰማህ? የጀመረችበትን ብቻ ንገረኝ።"

ላጲስ ዓይኑን ጨፈነ። ያንን ምሽት ፈለገ፤ አገኘውም። የከበሮውን መምቻ ይዞ ቆሟል፤ ጋሼን ላለማሳፈር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እስከ ሠላሳ ሁለት ድረስ አንዲት አልሳተም።

"ቆጠርኩ እትዬ" አለ። "እየቆጠርኩ ነበር።"