ሁለት ጊዜ የሚታጠፈው ሽርጥ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ አንቺም ያንን ወንበር ሳብ አድርጊና ቁጭ በይ። የእህቴን ምግብ ቤት ሁሉም እንዳማረበት ያየዋል፤ ለጥቂት ሳይከፈት ሊቀር እንደነበር የሚያውቅ ግን የለም።

ታናሽ እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ እሱ ሲያበስልባት በነበረች ጠባብ ክፍል እሷ ተተክታ ስታበስል ኖረች። ክፍሏማ ሁለት ሰው ከገባ አንደኛው ትንፋሹን መያዝ ነበረበት። ኋላ ላይ ልጆቿ፣ ወንዱና ሴቷ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ የዕቃ መጋዘን ተከራዩና ምግብ ቤት እናድርገው ብለው ተነሡ። እናታቸውን ግን «እስኪያልቅ ዝር እንዳትዪ፤ ሲያምር ታዪዋለሽ» ብለው አስማሏት። ቃሏን ጠበቀች። በዚያ በኩል ስታልፍ እንኳ ፊቷን አዙራ ነበር የምታልፈው።

እኔን ግን ማን አስምሎኝ! እየሄድኩ አይ ነበር። የበሰበሰው ኮርኒስ ወረደ፣ የቧንቧ ሠራተኛው ወለሉን እንደ ፍልፈል ማሰው፣ ከወጥ ቤቱ ወደ አዳራሹ ምግብ የሚወጣበት መስኮት ተከፈተ። ቀውላላው የምንለው ወንዱ ልጅ ጣሪያውን ያለ መሰላል ይቀባል ማለት ይቻላል። ለሥራ ትጉህ ነው፤ ለወጥ ቤት ግን አልተፈጠረም፤ ውሃ ቢያፈላ ያሳርራል።

መክፈቻው ሲቃረብ እናትየውን ዓይኗን በሻርፕ ሸፍነው አስገቧትና ገለጡላት። ምድጃው ያበራል፤ ነጩ ሴራሚክ ፊት ያሳያል። እህቴ ዞር ዞር ብላ አየች፤ የምድጃውን ጠርዝ በእጇ ዳሰሰች፤ «ያምራል ልጆቼ፣ እደጉ» አለችና ወጣች።

በማግስቱ «ጉልበቴን አሞኛል፤ ሌላ አብሳይ ፈልጉ» የሚል መልእክት ላከች።

ልጅቷ እያለቀሰች መጣችብኝ። «አክስቴ፣ ሰው ሁሉ የሚመጣው የሷን እጅ ብሎ ነው! ነገ ለሚመጣው እንግዳ ምን እንበል?»

«አታልቅሺ። ያንቺ እናት ጉልበቷን ቢያማት ኖሮ ሰፈር ሙሉ ይሰማ ነበር» አልኳትና ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ።

ድንች እየላጠች አገኘኋት። ልጣጩን ስታወፍረው ሳይ ልቧ ሌላ ቦታ እንደሆነ ገባኝ።

«ጉልበትሽ ድንች ይልጣል እንዴ?» አልኳት።

አልሳቀችም። «እትዬ፣ አላየሽውም? ምድጃው ደረቴ ጋ ይደርሳል። ድስቱ ውስጥ ያለውን ለማየት መንጠራራት ሊኖርብኝ ነው። ቁመቱ የቀውላላው ነው። ጡረታ አውጥተውኛል። ጨዋ ልጆች ናቸውና በአፋቸው መንገር አፍረው በሲሚንቶ ነገሩኝ።»

«ውሃ የሚያሳርረውን ልጅ አብሳይ አደረጉት ነው የምትዪኝ?»

«ታዲያ የማን ልክ ነው?»

እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወሰድኳት፤ መንገዱን ሙሉ እያጉረመረመች ተከተለችኝ።

ግንበኛው የመጨረሻውን ሴራሚክ እያጸዳ ነበር። «አንተ ሰው፣ ይህን ምድጃ በማን ቁመት ነው የሠራኸው?» አልኩት።

«በእናትየው ነዋ!» አለ ቆጣ ብሎ። «እንዳይነቃባቸው ልጅቷ ሽርጣቸውን ሰርቃ አመጣችልኝ። የት ድረስ ይወርዳል ብላት እስከ ጉልበቷ አለችኝ። ከጉልበት እስከ ወገብ ሽርጡን ለካሁ፣ ከወገብ በላይ ትንሽ ጨመርኩ፣ አለቀ። እኔ በልክ ተሳስቼ አላውቅም።»

ከወንድሟ ጋር እዚያው የነበረችው ልጅቷ ከሚስማር ላይ ሽርጡን አውርዳ ለእናቷ ሰጠች። እህቴ ሽርጡን ወገቧ ላይ አደረገች፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈ። ከዚያ እንደ ልማዷ ወገቡ ላይ አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው። አሁን ጉልበቷ ላይ ደረሰ። አሰረችው።

ግንበኛው አፉን ከፈተ። «እናቴ፣ ታዲያ እኔ ማንን ነው የለካሁት?»

«አባታቸውን» አለች እህቴ። «ሽርጡ የሱ ነው። ማሳጠሩን እጄ እንቢ ብሎኝ እያጠፍኩ ነው የምለብሰው።»

ልጅቷ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ ሙች፣ ላንቺ ብለን ነው!» ቀውላላው ደግሞ ራሱን ይዞ፣ «እኔ ላበስል? ሰው ልንገድል ነው እንዴ?» አለ። ያኔ እህቴ ሳቀች፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ግንበኛው መዶሻውን አንሥቶ፣ «አፍርሼ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ለነገ ግን አይደርስም» አለ።

«አይፈርስም!» አለች እህቴ፣ እጇን ምድጃው ላይ ጭና። «እሱን አትንኩብኝ። እኔን ከፍ አድርጉኝ።»

ቀውላላው ቀለም ሲቀባ ይቆምባቸው የነበሩትን ጣውላዎች አጠበ፤ ግንበኛው ጥፍሩን እስኪመታ ተቻኩሎ ደራርቦ በሚስማር መታቸው። ምድጃው ሥር፣ ከመስኮቱ እስከ ጓዳው በር፣ የማይነቃነቅ የእንጨት ወለል ሆነ። እህቴ ወጣችበት፤ በእግሯ ደለቅ ደለቅ አደረገችው። ምድጃው ወገቧ ላይ መጣ።

«አባታችሁን ዕድሜ ልኬን አንጋጥጬ ሳናግረው ኖሬ» አለች፣ «ዛሬ ገና እኩል ሆንን። በሉ ሽንኩርት አቀብሉኝ!»

በነጋታው አዳራሹ ጢም አለ። እኔም ጥጉ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ እህል ጣመኝ።

እናንተም አንድ ቀን እዚያ ከገባችሁ፣ በመስኮቱ ብቅ የምትለው ሴትዮ ረጅም መስላ ትታያችሁ ይሆናል። አደራ ልጆቼ፣ ያን ጊዜ የቆመችበትን አስታውሱልኝ።