ካሜራው የማያውቀው ሌንስ

ቤተሰቡ «ንፋስ» እያለ ነው የሚጠራት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም፤ ስትበላ ቆማ፣ ስታለቅስም እየተንጎራደደች ነበር። ፎቶግራፍ አንሺ ስትሆን ዘመድ ሁሉ «ይኼ እንኳ ልኳ ነው፣ ሥራው መዞር ነው» አለ።

በዚያ ሳምንት ግን ከወትሮው ባሰባት። አክስቷ ዕድሜዋን የገፋችበት የፈትል ፋብሪካ ሊዘጋ ነው። ሠራተኞቹ ከመበተናቸው በፊት በየማሽናቸው ፊት ተሰልፈው አንድ ፎቶ እንድታነሳቸው ለምነዋታል። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ፎቶ ለመክተት ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ያላት ሰፊ ሌንስ ደግሞ አባቷ ትቶት የሞተው ብቻ ነው። እሱም ከካሜራዋ ፋብሪካ ሳይሆን ከሌላ የወጣ ነው። የካሜራው ፋብሪካ የሚሠራውማ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ለሙከራ ሄዳ ጥቂት ሴቶችን አሰልፋ አነሳች። መሐል ያሉት ደህና ወጡ። ዳር የቆመችው አክስቷ ግን ግማሽ ፊቷ ወይን ጠጅ መስሎ ቁጭ አለ።

አክስቷ ፎቶውን አየችና ከንፈሯን መጠጠች። «ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ! አሁን ደግሞ ማን ደበደባት ሊሉኝ ነው?»

«በቃ መሐል ግቢ፣ እትዬ።»

«የኔ ማሽን ዳር ነው። በመጨረሻው ቀን የሰው ማሽን ፊት አልገተርም።»

ጥፋቱ የአክስቷም የሌንሱም አልነበረም። ካሜራው የትኛው ሌንስ እንደተገጠመለት ካወቀ የዳር ዳሩን ቀለም ራሱ ያርመዋል። የሚያውቀውም በሌንሱ መግጠሚያ፣ በብረት ቀለበቱ ላይ ካሉ ስድስት ትንንሽ ነጥቦች ነው። አንዳንዱ ጥቁር፣ አንዳንዱ ነጭ ነው፤ ካሜራው አሰላለፋቸውን አንብቦ ሌንሱን ይለያል። የአባቷ ሌንስ ቀለበት ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ ከካሜራው ፋብሪካ ሌንሶች መሐል በዓይነቱ ለአባቷ ሌንስ የሚቀርበውን መርጣ የሱን ምልክት ልታውሰው አሰበች።

በቀጭን ብዕር ነጥቦቹን ቀባች። ካሜራው አመነ፤ ዳሩ ጠራ። ሌንሱን አውልቃ መልሳ ስትገጥመው ግን ቀለሙ ተፋቀ፣ ወይን ጠጁ ተመለሰ። ደግማ ቀባች፣ ደግሞ ተፋቀ። በኮምፒውተር ላስተካክል ብትል የአክስቷ ጉንጭ ሲድን ከኋላ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ሆነ። ቅጥ አምባሯ ጠፋ። ቡናዋን የተለኮሰ ምድጃ ላይ ረስታ ወጣች፣ ከደረጃው ተመልሳ አጠፋች፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ታላቅ ወንድሟ ሄደች።

ወንድሟ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። የሥራ ክፍሉ መደርደሪያ በጥርስ ቅርጽ የተሞላ ነው፤ የገባ ሰው ሁሉ የሚሳቅበት ይመስለዋል። እሱ ግን ቶሎ የማይስቅ፣ ቶሎ የማይመልስ፣ ቶሎ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ሰው ነበር።

«ልብሳው ነው የምትዪኝ?» አለ ሌንሱን እያገላበጠ።

«መብሳት አይደለም፣ ወንድም ጋሼ። ጎድጎድ ብቻ አድርግልኝ። ቀለሙ ጉድጓድ ውስጥ ከተኛ አይፋቅም።»

«አባዬ እንኳን መሰርሰሪያ ትንፋሽ አያስነካውም ነበር።»

«አባዬ ቆልፎበት ኖረ። እኔ ልሠራበት ነው።»

ሌንሱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ያየው ጀመር። የሱ መዘግየት ለሷ የጥርስ ሕመም ነው። መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች፣ አንድ መንጋጋ አንስታ አስቀመጠች።

«ተቀመጪ» አለ በመጨረሻ፣ ማጉያ መነጽሩን እያጠለቀ።

ብናኙ መስታወቱን እንዳይነካ መጀመሪያ ቀለበቱን ፈታው። ከዚያ የነጥቦቹን ቦታ በመርፌ ጫር ጫር አደረገ፤ እንደገና ለካ፤ እንደገና አጠፋ። እሷ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ዞረች። መሰርሰሪያው ማፏጨት ጀመረ። የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ለማየት ጎንበስ ስትል ወገቧ ጠረጴዛውን ገጨው። መሰርሰሪያው ሸርተት አለና ጥቁር የሚሆነው ጉድጓድ ነጭ ሊሆን ወደሚገባው ቦታ ተሻገረ።

ወንድሟ መነጽሩን አወለቀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ጠበቀች። እሱ ግን የተሻገረውን በመርፌ ጫፍ ዳበሰ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች።

«ነጩን መሙያ አቀብዪኝ። ለጥርስ የምንጠቀምበትን።»

የተሻገረውን በጥርስ መሙያ ደፈነ፣ በሰማያዊ መብራት አደረቀ፣ አለሰለሰ። ቀሪዎቹን ጉድጓዶች እንደየምልክታቸው ጥቁርና ነጭ ቀባ። ከዚያ ዓይኑን ከቀለበቱ ሳያነሳ «ሳትገጪኝ በፊት ነው የሸሸው» አለ።

«ምኑ?»

«እጄ። ሰሞኑን እንዲህ ያደርገዋል። ጠዋት ጠዋት ማንኪያም አይዝልኝም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ንፋስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እግሯ አልተንቀሳቀሰም።

ቀለበቱን መልሶ ሲያስር ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያቀበለችው እሷ ናት። ካሜራው ሌንሱን አወቀው። ብታወልቀው፣ ብትገጥመው፣ በጨርቅ ብትፈትገውም ምልክቱ አልለቀቀም።

በፎቶው ቀን ወንድሟም መብራት ሊይዝላት አብሯት ሄደ። ማሽኖቹ ከቆሙ ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ሁሉ ይጎላል፤ ሴቶቹ ግን እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ተሰለፉ። አክስቷ ዳር፣ አንድ እጇን ማሽኗ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ንፋስ ወዲያ ወዲህ እየተዘዋወረች ብዙ አነሳች፤ ስታይ ሁሉም ከዳር እስከ ዳር የገዛ መልኩን ይዟል። አክስቷ አይታ «አርጅቻለሁ ለካ» ብላ ብቻ ሄደች።

ንፋስ ደስታውን ልታጣጥመው አልቻለችም። ወንድሟ መብራቱን የያዘበትን እጅ ስታይ ነበር የቆየችው፤ በሌላው እጁ ደግፎታል።

ከበሩ እንደወጡ «ሐኪም ጋ መቼ ነው የምትሄደው?» አለችው።

«ሥራ ሲቀልልኝ።»

«ላንተ ሥራ ቀሎ ያውቃል?»

«አየሽ፣ አንቺ ሁሌ ጥድፊያ ነው። ነገ ተነገ ወዲያ...»

«ሆስፒታሉ ከዚያ ማዶ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እስኪዘጋ ድረስ ስታስብ ልጠብቅህ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ካሜራውን ትከሻዋ ላይ ወርውራ ያን የሚንቀጠቀጥ እጁን አጥብቃ ያዘችና መንገዱን አሻገረችው። እሱ «ቀስ በይ እንጂ» እያለ፣ እየተጎተተ ተከተላት።