እግረ ደረቅ

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ግሪዘል የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ከአንድ አባት ናቸው ቢባል የማያውቃቸው ሰው አያምንም ነበር። ማግነስ ረጅም ነው፣ ፀጉሩ ከሰል የመሰለ። ታናሽ እህቱ ኤልስፔት አጭር ናት፣ ፀጉሯ ደግሞ እንደ ፍም ቀይ። ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ የጎረቤት መሳቂያ ሆኖ ይቀር ነበር። በዚያ በሰሜን ስኮትላንድ ባሕር ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች በሰፈሩበት መንደር ግን ቀልድ አልነበረም። አዲስ ዓመት ከባተ በኋላ የቤቱን ደፍ መጀመሪያ የሚረግጠው ሰው የዓመቱን ገድ ይዞ ይገባል። ጥቁር ፀጉር ያለው ወንድ ከሰል ይዞ ከገባ እሰየው ነው፤ ያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ጭሱ አይጠፋም። ባለ ቀይ ፀጉር ከገባ እግረ ደረቅ ነው። ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ከገባችማ አለማውራት ይሻላል።

ኤልስፔት በሰባት ዓመቷ፣ በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ ከሁሉም ቀድማ ነቃች። ሌሊቱን ውሽንፍር ስለነበር ማንም እንግዳ አልመጣም። በመስኮት ስታይ ምድሩ ሁሉ በረዶ ለብሷል። በሌሊት ልብሷ ሹልክ ብላ ወጣች፣ እፍኝ ሙሉ በረዶ ዘገነች፣ ለእናቷ ላሳያት ብላ እየሳቀች ተመልሳ ገባች። ግሪዘል ምድጃው ሥር ተንበርክካ እሳት ትቆሰቁስ ነበር። ቀና ስትል ቀይዋን ልጅ ደፉ ላይ ቆማ አየቻት። መቆስቆሻው ከእጇ ወደቀ። አንዲት ቃል ግን አልተናገረችም።

በየካቲት የልጆቹ አባት ጀልባ ወጥታ አልተመለሰችም። በዚያችው ጀልባ ሌሎች ወንዶችም ሰምጠዋል፤ የእነሱን ቤት ደፍ በዚያ ዓመት የረገጡት ባለ ጥቁር ፀጉር ወንዶች ነበሩ። ይህን ግን የቆጠረ የለም። ሰው ሐዘን ሲወርድበት የሚያላክክበት ይፈልጋል፣ የሚላከክበት ደግሞ ብዙ ጊዜ መልስ የማይሰጠው ትንሹ ነው።

ግሪዘል ልጇን አልመታቻትም፣ አልረገመቻትምም። ብትመታት ይሻል ነበር፤ ዱላ ያልፋል። አበላቻት፣ አለበሰቻት፣ በታመመች ጊዜ አብራት አደረች። ፀጉሯን ማበጠር ግን ተወች። ማበጠሪያውን ለማግነስ ሰጠችውና፣ ከዚያ ወዲህ የእህቱን ፀጉር ጠዋት ጠዋት የሚያበጥረው እሱ ሆነ። ዓመቱ ሊለወጥ ሲል ደግሞ የበሩን ቁልፍ ሽርጧ ኪስ ትከተው ነበር።

ኤልስፔት አድጋ የራሷን ቤት ከያዘች በኋላ፣ በየአዲስ ዓመቱ ከእናቷ ቤት ፊት ለፊት፣ በአሮጊቷ ጎረቤት በቢኒ ቤት መስኮት ሥር ትቀመጣለች። ከእናቱ ጋር የሚኖረው ማግነስ በጓሮ በር ወጥቶ ይዞርና፣ ሁለት እጁን ሙሉ ከሰል ታቅፎ፣ የፊቱን በር በጫማው ሦስት ጊዜ ይረግጣል። እናቱ ትከፍትለታለች። የደጁ መብራት ፊቷ ላይ ሲያርፍ ኤልስፔት ከማዶ ታያታለች፤ ያን ፊት ለማየት ስትል ነው እዚያ የምትቀመጠው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማግነስ ብቅ ይልና ይጣራል።

«ነይ ግቢ ቀዮ! ገዱን አስገብቼልሻለሁ!»

እንዲህ እያሉ ሸበቱ። በዚህ ዓመት ጸደይ ላይ ማግነስ ወደቡ ዳር መረብ ሲጠግን ልቡን ይዞ ወደቀ። ሐኪም ሳይደርስ፣ ተጠርታ በመጣችው እናቱ እጅ ላይ አለፈ።

የዓመቱ መጨረሻ ቀን መጣ። እናትና ልጅ እንደ ወትሯቸው ክሉቲ የሚሉትን የአዲስ ዓመት ጣፋጭ ሊሠሩ ተቀመጡ። ዱቄቱ ከበሬ ሞራ፣ ከዘቢብ፣ ከቀረፋና ከጥቁር ስኳር ጋር ተለውሷል፤ የሚታሰርበት ጨርቅ በፈላ ውሃ ተነክሮ ዱቄት ተነስንሶበታል። ክሉቲ በጨርቁ ታስሮ ግማሽ ቀን ካልተንተከተከ፣ ከዚያም እሳት ዳር ተቀምጦ ቆዳ ካላወጣ፣ ክሉቲ አይባልም። ከመታሰሩ በፊት ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ያማስለዋል።

«አማስዪ» አለች ግሪዘል። «በፀሐይ መሄጃ ነው! ይኸው እስከ ዛሬ ወደ ግራ ታዞሪዋለሽ።»

«ግራኝ ስለሆንኩ ነዋ።»

«እሱን ደግሞ ከማን እንዳመጣሽው!»

ኤልስፔት እየሳቀች አማስላ ማንኪያውን መለሰች። ግሪዘል የራሷን ተራ አማሰለች። ከዚያም ትንፋሽ ወስዳ እንደገና ጀመረች፣ ቀስ ብላ።

«አሁን የማንን ነው የምታማስዪው?»

«የማግነስን።»

ኤልስፔት ተነስታ የሞራውን ሳህን አጠበች። ያጠበችውን መልሳ አጠበችው። በመጨረሻ ጀርባዋን እንደሰጠች ተናገረች።

«ነገ ጠዋት የሚገባልሽ ሰው አግኝቻለሁ። ሥጋ ሻጩ ጌዲስ እሺ ብሎኛል። ፀጉሩ ጥቁር ነው።»

«ጌዲስ ራሰ በራ ነው።»

«የቀረችው ጥቁር ናት፣ እማዬ።»

ግሪዘል ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ኤልስፔት ይህን አይታ ደፈረች።

«ዛሬ ለምን እዚህ አላድርም? ብቻሽን እኮ ነሽ።»

«አይሆንም። ከሰል ላምጣ ብለሽ ትወጪና ተመልሰሽ ትገቢያለሽ። አውቅሻለሁ።»

ግሪዘል ከዚያ ከበረዶው ጠዋት ወዲህ ስለ ነገሩ የተነፈሰችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ኤልስፔት ከአርባ ዓመት በላይ ምናልባት ረስታው ይሆናል እያለች ራሷን ስትደልል ኖራለች። ካፖርቷን ለብሳ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ጌዲስ እንደ አገሩ ልማድ ከሰሉን፣ ብስኩቱንና ውስኪውን ይዞ በሩን አንኳኳ። ኤልስፔት ከቢኒ መስኮት ታያለች። በሩ አልተከፈተም። ጌዲስ ከበሩ ጋር ጥቂት ተነጋግሮ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤትህ ግባ አሉኝ!» አለ። «የሰው መሳቂያ አደረጉኝ እኮ። መላጣዬን እንኳ በቆብ ሸፍኜ ነበር!»

«ተዋት፣ ሲርባት ትከፍታለች» አለች ቢኒ።

«ክሉቲው ከሷ ጋር ነው እኮ፣ አክስቴ» አለች ኤልስፔት። «ምን ይርባታል።»

ያላሰቡት ከሰሉን ነበር። ማግነስ ሁልጊዜ በዓመቱ መጨረሻ ማታ ከጓሮው ጎተራ ባልዲ ሙሉ ያስገባል፤ ዘንድሮ ያስገባ የለም። ግሪዘል ራሷ ወጥታ እንዳታመጣ፣ ተመልሳ ስትገባ የዓመቱ መጀመሪያ እግር እሷ ልትሆን ነው። ከቀትር በኋላ የጭስ ማውጫው ጭስ እየሳሳ ሄደ። ውጭው ግግር በረዶ ነው። ወዲያው ጭሱ ጭራሽ ቆመ።

«ጭስሽ አይጥፋ በሚባልበት ቀን!» አለች ቢኒ አፏን ይዛ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ። በብርድ ትሞትብሻለች።»

ኤልስፔት መንገዱን ተሻግራ ጎንበስ አለችና በበሩ የፖስታ ቀዳዳ ተጣራች።

«እማዬ፣ እሳቱ ጠፍቷል።»

«አውቃለሁ። አጠገቡ ነው ያለሁት።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል።

«ክፈቺልኝ።»

«አልከፍትም።»

«ማግነስን ነው የምትጠብቂው?»

 የግሪዘል ድምፅ ቀረብ ብሎ ተሰማ፤ ወንበሯን ወደ በሩ ስባ መሆን አለበት።

«መሞቱን አውቃለሁ። አላበድኩም። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ግን ይሄን በር ዛሬ ለሌላ ሰው ከከፈትኩ በቃ፣ ሞተ ማለት ነው።»

«እኔም እኮ ልጅሽ ነኝ።»

«አይደለሽም ያለሽ ማነው?»

«እንግዲያው ለኔ ክፈቺልኝ!»

 ኤልስፔት የፖስታውን ቀዳዳ ይዛ ጠበቀች። ጉልበቷ በርዶ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። የምትለምነው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ እናቷ አንድ ጊዜ፣ ማንነቷን እያወቀች፣ በሩን እንድትከፍትላት ብቻ ነው። አልከፈተችም።

ወደ ጓሮ ዞራ ወደ ከሰሉ ጎተራ ገባች። ሐሳቧ ከሰል ይዛ በሩን በጉልበት መግፋት ነበር። እዚያ ግን፣ ምስማሩ ላይ፣ የማግነስ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብላ እናቱ ቤት ስለማታስገባለት እዚያው ነበር የሚሰቅለው። ቦት ጫማዎቹ ከሥሩ ቆመዋል፣ ጥቁር የሱፍ ቆቡ ከጃኬቱ ኪስ ብቅ ብሏል። ኤልስፔት ፊቷን ጃኬቱ ውስጥ ቀበረችና አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን እናቷን ስታጽናና ያላለቀሰችውን ሁሉ እዚያ አለቀሰችው።

ከዚያ ጃኬቱን ለበሰችው። እግሯን በሰፊው ቦት ውስጥ ከተተች። ፀጉሯን ጠቅልላ፣ አንዲት ዘለላ ሳታስቀር፣ ቆቡ ውስጥ ደበቀችው። ሽበት ቢገባበትም ቅላቱን አልለቀቀም ነበር። እናቴ በብርድ እንዳትሞት ብዬ ነው አለች በልቧ። እውነት ነው፣ ለዚያ ነበር። ግን ለዚያ ብቻ አልነበረም።

ሁለት እጇን ሙሉ ከሰል ታቅፋ ወደ ፊት ለፊቱ በር ዞረች። በሩን በጫማዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ረገጠችው።

ከውስጥ ወንበር ወደቀ። የሰማንያ ዓመት እግር እየተደነቃቀፈ ሲሮጥ ተሰማ። ቁልፉ ዞረ፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ።

ያ ፊት ይኸው። ኤልስፔት ዕድሜዋን ሙሉ ከማዶ ያየችው ፊት፣ አሁን ከአፍንጫዋ ሥር፣ በደስታ በርቶ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። በአምሳ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ እንዲህ አድርጋ በር ከፈተችላት። ኤልስፔት ደስታው ለእሷ እንዳልሆነ እያወቀች ጠጣችው። ትንፋሽ እስኪወጣ ያህል ቆየ። ከዚያ የግሪዘል ዓይን ከቆቡ ወደ ታች ወርዶ የልጇን ፊት አገኘ፤ ብርሃኑም ጠፋ።

«አንቺ ነሽ» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ይቅር በዪኝ።» ከሰሉን በአንድ ክንዷ ይዛ ቆቡን ልታወልቅ እጇን አነሳች።

«አታውልቂው!» ግሪዘል እጇን ያዘቻት። «ግቢ። እንዳለሽ ግቢ።»

ኤልስፔት ደፉን ረገጠች። ማለት ያለባትን አለች፣ «ጭስሽ አይጥፋ።» ግሪዘል «አሜን» አለች። ኤልስፔት ምድጃው ሥር ተንበርክካ እሳቱን አነደደች፤ ከማዶ ቢኒ ጭሱን አይታ ተመስገን ሳትል አልቀረችም። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ቀርቧል። ኤልስፔት ሁለተኛው የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ግሪዘል ክሉቲውን ቆርሳ አደረገችላት፣ ዘቢብ የበዛበትን ጎን።

«ቆዳው ይዟል» አለች ኤልስፔት።

«ዘንድሮ ይዟል።»

ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉ። እሳቱ ሲግል ኤልስፔት በወፍራሙ ጃኬት ውስጥ አላባት፤ አንዲት ቀይ ዘለላ ከቆቡ ሾልካ ጉንጯ ላይ ወረደች። ግሪዘል አየቻት። ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነሳች፣ ጠረጴዛውን ዞራ መጣች። እጇን ዘረጋች።

ኤልስፔት ዓይኗን ጨፈነች። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያ እጅ ፀጉሯን ነክቶት አያውቅም። አሮጌዎቹ ጣቶች ዘለላዋን በቀስታ ሰበሰቧት፣ በጣም በቀስታ፣ ማበጠሪያው ሳያማት እንዲያልፍ እንደምትጠነቀቅ እናት። ከዚያ ወደ ቆቡ ሥር መልሰው አስገቧት፣ ቆቡንም እስከ ቅንድቧ ድረስ ወደ ታች ሳቡት።

«እንዲህ» አለች ግሪዘል፣ ወደ ወንበሯም ተመለሰች።

ኤልስፔት ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። ማንኪያዋን አንስታ የወንድሟን ድርሻ እስከ መጨረሻው በላች።