ሦስተኛዋ ብልቃጥ

ጢሞቴዎስ በዓለም ላይ አምርሮ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ውሃ ነበር። መጠጣቱን ይጠጣዋል፣ ይታጠብበታልም፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ግን ስሙ ሲነሳ እንኳ ይከፋዋል። ብልቃጦቹን ምድጃ ውስጥ ሲያግል ያድራል፤ የሚሠራባቸውን ፈሳሾች ሁለት ቀን ሙሉ ያደርቃል። ፈሳሽ ደግሞ ይደርቃል ወይ ለሚል ሰው፣ አዎን፣ የውሃ ርዝራዥ እንዳይቀርበት ማድረግ ማለት ነው። የናይሮቢ ዝናብ ሲጀምርማ መስኮቱን በፕላስተር እየለጠፈ አየሩን ሳይቀር ይጠረጥር ነበር።

እንዲህ ያደረገው ዕብደት አልነበረም። ኬሚስቶች ምን ከምን ቢቀላቀል ምን እንደሚወጣ ካወቁ ቆይተዋል፤ ጢሞቴዎስን የያዘው መንገዱ ነው። ኤስተር የሚባለውና አሚን የሚባለው ነገር ሲገናኙ፣ ከአሚኑ ላይ አንዲት ሃይድሮጂን ተነስታ ወደ ኤስተሩ ትሻገራለች። በቀጥታ ትዘላለች? ወይስ መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያሻግራት አለ? አራት ዓመት የለፋው ለዚህች ጥያቄ ነው፤ የውሃ ጠብታ ከገባችበት ልኬቱን ታበላሽብኛለች ብሎ ይፈራ ነበር። ሥራው ሲካሄድ ፈሳሹ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል፤ እሱም በየአሥር ደቂቃው እየቀዳ ምን ያህል ቢጫ እንደሆነ ይለካል። ይኸው ነው። እንዲህ ላለ ነገር የሚደሰት ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን ይደሰት ነበር።

ደስታው የደፈረሰው በ1988 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። አራት ብልቃጥ አንድ ዓይነት ነገር ሞልቶ ጎን ለጎን ደረደረ። ሦስቱ እንደ ወትሯቸው ተንቀረፈፉ። ሦስተኛዋ ግን ሦስት እጥፍ ፈጥና ቢጫ ሆና ቁጭ አለች። በማግሥቱ ደገመው፤ አልሆነም። አሥራ አንድ ጊዜ ደጋገመው፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት። ቴርሞሜትሩን መረመረ፣ ብርጭቆውን አየ፣ የአሚኑን ጠርሙስ ቀየረ፤ ምንም የለም።

አማካሪው ፕሮፌሰር ሙቱኩ ደግ ሰው ናቸው፤ በቁጥር ላይ ግን ወንድማቸውንም አይምሩም።

«አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ወሬ ነው እንጂ ውጤት አይደለም» አሉት። «በመጪው ሳምንት ዓርብ ለኮሚቴው ታቀርባለህ። ያቺን ብልቃጥ ማስረዳት ካልቻልክ ተጨማሪ ዓመት ልለምንልህ አልችልም። ፖሌ፣ ጢሞቴዎስ።»

ፖሌ ማለት በስዋሂሊ አይዞህ፣ አዝናለሁ ማለት ነው። አይዞህ ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የመኖሪያ ፈቃዱ በተማሪነቱ የተሰጠ ነበርና። ትምህርቱ ከተቋረጠ ጢሞቴዎስ ኬሚስት መሆኑ ይቀርና ወረቀት የሌለው ስደተኛ ይሆናል፤ ከናይሮቢ ወደ የት እንደሚሄድም አያውቅም።

የሚኖረው ሁርሊንግሃም በሚባል ሰፈር፣ ከእትዬ እህተማርያም ምግብ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እትዬ ልጅ የላቸውም፤ ሥጋ ዘመዱም አይደሉም፤ እናቱ ግን ከሳቸው የበለጠ አልተቆጣችውም። እሱ ጴንጤ፣ እሳቸው የማርያም ወዳጅ፤ ሲከራከሩ ደንበኛው ምግቡን ትቶ ያዳምጣል። ምግብ ቤቱ እንደ ኮሪደር ጠባብ ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት በአንድ ጫፍ፣ የጢሞቴዎስ ጠረጴዛ በሌላው ጫፍ ስለሆነ፣ ሰሃኑ መሃል ላይ በሚቀመጠው በታዲዮስ እጅ ካላለፈ አይደርስም። ታዲዮስ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ዘወትር ከዚያች ወንበር አይጠፋም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አዲስ ፍሪጅ መጣ። እትዬ ሰው ሁሉ ዞር እንዲል አዘዙ፣ ክዳኗን በጋለ ምስማር የበሱትን የሶዳ ፕላስቲክ አወጡ፣ በስመ አብ ብለው ፍሪጁን ከላይ እስከ ታች ጠበል ረጩት።

«እትዬ፣ እሱ እኮ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው» አለ ታዲዮስ።

«ኤሌክትሪኩንስ ማን ሰጠ? ባለፈው የተሳፈርንበትን ማታቱ ባልረጭ ኖሮ ንጎንግ መንገድ ላይ ተገልብጠን ነበር!»

ጢሞቴዎስ እየሳቀ ሻዩን አነሳ። አነሳና አፉ ሳይደርስ አስቀመጠው። ትዝ አለው፤ ሦስተኛዋ ብልቃጥ በፈጠነችበት ቀን እትዬ ምሳ ይዘውለት ቤተ ሙከራው ድረስ መጥተው ነበር። ከሦስተኛዋ ብልቃጥ ሊቀዳ ክዳኗን ከፍቶ ሳለ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» ብለው አጣደፉት፤ እሱም እንደ ልጅ ታዞ ወጣ። ደብተሩ ላይ ሙቀቱንም ሰዓቱንም ጽፎ፣ ምሳ መምጣቱን ግን አልጻፈም። ማን ምሳ ይጽፋል?

«እትዬ፣ ካምፓስ የመጡ ቀን ብልቃጦቼን ረጭተዋል?»

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ሆድ ካገር ይሰፋል ብዬ ይዤው ከረምኩ። ሥራህ ተበላሸ ስትል የእኔ ጣጣ መሆኑ ገብቶኛል። ከስተህ ሳይህ አሳዘንከኝ፤ ስትወጣ አራቱንም ረጨሁልህ። ይቅር በለኝ ልጄ፤ ልነግርህ ፈራሁ።»

«ክፍት የነበረችው የትኛዋ ናት?»

«ከመስኮቱ ሦስተኛዋ።»

ጢሞቴዎስ ተንደርድሮ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ተነስቶ ጭንቅላታቸውን ሳመ፤ ታዲዮስንም ሳመ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አራት ዓመት ሲያባርረው የኖረው ውሃ ነበር አሻጋሪው።

«ከጠበሉ ትንሽ ይስጡኝ» አለ።

«ለፈተና? ጠበል ይፈተናል እንዴ? አንተ ልጅ፣ አምላክን አትፈታተን!»

«የምፈትነው ጠበሉን አይደለም፤ ራሴን ነው። ያኔ የገባው እሱ ነው። እሱን ደብቄ ሌላ ውሃ ብቻ ባሳይ ውሸታም እሆናለሁ።»

እትዬ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ቀዱለት።

ሰኞ አራት ብልቃጥ ደረደረ፤ አንዷ ደረቅ፣ አንዷ የተጣራ ውሃ፣ አንዷ የቧንቧ፣ አንዷ ጠበል፤ ጠብታው በልክ። ደረቋ ተንቀረፈፈች። ሦስቱ እኩል ቢጫ ሆኑ። ውሃውን ሲጨምር ፍጥነቱ ጨመረ፤ ማክሰኞ ደገመው፣ ረቡዕ ደገመው፤ አላሳፈረውም። ሃይድሮጂኗ ብቻዋን ስትዘል ትዘገያለች፤ ውሃ መሃል ሲቀመጥ ግን ተቀብሎ ያሻግራታል።

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ግራፉን ሲዘረጋ ፕሮፌሰር ሙቱኩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ውሃ ጠላትህ አልነበረም እንዴ? መጨመሩ እንዴት መጣልህ?»

ጢሞቴዎስ ከመጽሐፍ አነበብኩ ቢል ያልፍ ነበር። ምሳውን፣ እጅ መታጠቡን፣ የተበሳችውን ክዳን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ኮሚቴውም ተከተላቸው።

«ያቺን እናት ጽሑፉ ላይ አመስግናት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዓመቱ ተፈቅዶልሃል። ከእንግዲህ ግን ምሳም ቢሆን ደብተር ላይ ይጻፍ።»

ምግብ ቤቱ ሲደርስ ምሳ ሰዓት ነበር። ገና ከበሩ «አለፍኩ!» ሲል እትዬ እልልታውን አቀለጡት፤ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ሳይቀር ብቅ አለ። ጩኸቱ ሲበርድ ቀረብ ብለው በለሆሳስ ጠየቁት።

«ጠበሉስ?»

ጢሞቴዎስ ማታቱ ላይ መንገዱን ሙሉ ያሰበው ይህንን ነው። ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው ቢላቸው ማን ይመረምራል? ደስ ይላቸው ነበር። ግን አልሆነለትም።

«እኩል ነው፣ እትዬ። ከቧንቧው ውሃ ጋር እኩል።»

እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ታዲያ ምን አለበት?» አሉት። «እኔ ስለ ብልቃጥ ምን አውቃለሁ? ይፍጠን ብዬ የረጨሁ መሰለህ እንዴ? አባርረው እንዳይወስዱብኝ፣ እዚሁ እንድትቀርልኝ ነው የለመንኩት። ይኸው፣ ቀረህልኝ።»

ጢሞቴዎስ ሄዶ ቦታው ላይ ቁጭ አለ። እትዬ ወደ ወጥ ቤት ገብተው በመስኮቱ ሽሮ የሞላ ሰሃን አወጡ።

«ታዲዮስ፣ አሻግርለት!»

ታዲዮስ ሰሃኑን ተቀብሎ፣ አንድ ጉርሻ ከዳር ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተና አሻገረው።

«ውሃ እንኳ ሲያሻግር እንዲህ ቆርሶ አያስቀርም!» አለ ጢሞቴዎስ፤ ዓይኑን ጠረገና መብላት ጀመረ።

«እጅህን ታጥበሃል?» አሉት እትዬ ከመስኮቱ።