የናፍጣው ጓጉንቸር

ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ጉብታ ላይ የስልክ ታወር ቆሟል። መሐሙድ ይህን ታወር ሲጠብቅ ብዙ ክረምት አልፎበታል። ታወሩ አጥር አለው፣ ሁልጊዜ የተቆለፈ የቆርቆሮ ቤት አለው፣ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሳ ጀነሬተር አለው። መሐሙድ ደግሞ ዱላና ካፖርት አለው። አንድ ጊዜ ጀነሬተሩን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ አመልክቶ ነበር። ፈታኙ የስምንተኛ ክፍል ወረቀቱን አየና አጠገቡ ለተቀመጠው አሳየው፤ ሁለቱም ሳቁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮው አልወጣም።

ከሳቁ የባሰው ግን ጓጉንቸሩ ነው። አንድ ሰሞን የጀነሬተሩ ናፍጣ ጎደለ ተባለ። ማን እንደወሰደው ሳይጣራ ከከተማ ሰው መጣና የታንከሩን አፍ በጓጉንቸር ከርችሞ ቁልፉን ይዞ ሄደ። መሐሙድን ፊት ለፊት ሌባ ያለው የለም፤ ጓጉንቸሩ ግን ግቢውን በረገጠ ቁጥር ሌባ ይለው ነበር።

ታወሩ የሆነ ነገር ሲነካው ከተማ ላለው የክትትል ክፍል መልእክት ይልካል። መብራት ጠፋ ይላል፣ መጣ ይላል፣ ጀነሬተር ተነሳ ይላል፣ ቆመ ይላል፣ ናፍጣ አነሰ ይላል። እዚያ በፍቃዱ የሚባል ወጣት ስክሪን ፊት ተቀምጦ ውሎ፣ ስክሪኑ በጮኸ ቁጥር ለመሐሙድ ይደውላል። «አንተ ዘበኛ፣ ሂድና እየው» ነው ሰላምታው። ልጁ የሚሆን ሰው አንተ እያለ ሲያዘው መሐሙድን ያንገሸግሸዋል። በዚህ ደጋ ደግሞ መብራቱ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር ድርግም ይላል። መሐሙድ ጉርሻውን ጥሎ ዳገቱን ሮጦ ሲወጣ ምንም የለም። ይወርዳል፤ እንደገና ይደወላል።

አንድ ቀን በቃው። በባዶ ሜዳ እየጠራህ አታድክመኝ፣ ውሻህ አይደለሁም አለው። በፍቃዱ አልተቆጣም፤ እሱም ተማሮ ኖሯል። ማንቂያው ስለበዛ እውነተኛውን ከከንቱው መለየት አቅቶናል ብሎ አጫወተው። ሳይውል ሳያድር ከአለቆቹ ጋር መክሮ የማያስፈልገውን ዝም አሰኘው፤ አሠራሩንም ደውሎ አስረዳው። መብራት ከጠፋ በኋላ የሚመጣው መልእክት ሁሉ የመብራቱ ልጅ ነው፤ እናቲቱ ከታወቀች የልጆቹን ለቅሶ መስማት አያስፈልግም። አንተም ታርፋለህ፣ እኔም አርፋለሁ። የታንከሩ መከፈት ብቻ የስርቆት ጉዳይ ስለሆነ እንደ ድሮው ይጮኻል። መሐሙድ የመጨረሻዋን ነገር እንደ እሾህ ዋጣት። ለቀረው ግን አላህ ይስጥህ ብሎ መረቀው። እውነትም አረፈ።

የመሐሙድ ልጅ ፈርሂያ ሳውዲ ሰው ቤት ትሠራለች። የራሷን ስልክ ወስደውባታል። አሠሪዋ ሴት የምትፈቅድላት ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በሴትዮዋ ስልክ ለአፍታ እንድታወራ ነው። ያለፈው ዓርብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራች። ሴትዮዋ አገር ልትለቅ ስለሆነ እኔን ለሌላ ቤት ልታስተላልፈኝ ነው አለች። የማን ቤት እንደሆነ፣ ከተማውም የት እንደሆነ ገና አልተነገራትም። «አባ፣ የሚመጣው ዓርብ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ስልኩ እንዳያመልጣችሁ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል እንደማገኛችሁ አላውቅም» አለችው።

በዚያው ሳምንት ነፋስ ምሰሶ ጣለና መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እንደ ልማዱ ተነሳ። ቀን ከሌት ሲያጓራ ሰነበተ። ዓርብ ረፋድ ላይ ግን መሐሙድ ድምፁ አላማረውም። ሄዶ የታንከሩን መስታወት ቢያይ ናፍጣው ሊያልቅ ጫፍ ደርሷል፤ ጀነሬተሩ ከቆመ ታወሩም የመሐሙድ ስልክም ይሞታሉ። መኪና ናፍጣ ጭኖ የሚመጣው ስክሪኑ ናፍጣ አነሰ ሲል ነበር። ስክሪኑ ደግሞ ዝም እንዲል ተደርጓል። መካነ ሰላም ሄዶ ኔትወርክ እንዳይፈልግ እግሩ ከጁምዓ በፊት አያደርሰውም፤ የዝናቡ ጭቃም መኪና አስቀርቷል።

ለበፍቃዱ ደወለ። በፍቃዱ ስክሪኑን አየና መብራት ጠፋ ከሚለው በቀር ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው አለው።

«ልጆቹን አንተ ዝም አሰኝተሃቸው የለ? ዓይኔ የሚያየውን ነው የምነግርህ» አለ መሐሙድ።

በፍቃዱ ግን በቃል ብቻ መኪና እንደማይንቀሳቀስ፣ ማመልከቻ እንደሚያስገባና ሰኞ መልስ እንደሚመጣ ነገረው። ጓጉንቸሩን ከፍቼ እኔው ናፍጣ ልጨምርበት ቢለው፣ እንዳትነካው፣ ቁልፉ ኃላፊው ጋ ነው፣ እሱም መስክ ወጥቷል አለ። መሐሙድ ስለ ፈርሂያ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ልጄ ብሎ ሊለምነው ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የዚያ ፈታኝ ሳቅ መጣበት። «እሺ» ብሎ ዘጋ።

ወፍጮ ቤት ወዳለው ወደ ሙሐሲን ወረደና በጀሪካን ናፍጣ ይዞ ተመለሰ። ጁምዓ ወጥቷል። ሚስቱ ሀጀራ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጥሩ ሥር ቆማለች። ጀነሬተሩ ተንፈራግጦ ቀጥ ያለው እሱ ጀሪካኑን መሬት ሲያስነካ ነው። ከዚህ በኋላ ታወሩን የሚይዘው ባትሪው ብቻ ነው፤ ባትሪው ደግሞ አርጅቷል።

መሐሙድ ጓጉንቸሩን ጨብጦ ቆመ።

«ስበረው እንጂ» አለች ሀጀራ።

«ሌባ ይሉኛል።»

«ብለውህ የለ እንዴ?»

ድንጋይ አነሳና መታው። ጓጉንቸሩ ጠንካራ ነበር፤ ቁጭት ሲጨመርበት ግን ተፈለቀቀ። ናፍጣውን ገለበጠ። ጀነሬተሩ በራሱ ሊነሳ ሞከረ። አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ደግሞ አስነጠሰ፤ ባዶውን ሲሠራ አየር ስቦ ኖሮ እንቢ አለ። በእጅ የሚነሳበት ማብሪያ ያለው የቆርቆሮው ቤት ውስጥ ነው። የዚያም ቁልፍ ከተማ ነው።

ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ሀጀራ «ቢስሚላህ» ብላ ደረቷን ያዘች። በፍቃዱ ነበር።

«አንተ፣ ታንከሩ ተከፍቷል እያለኝ ነው። ማነው የከፈተው?»

መሐሙድ እኔ ነኝ አለ። በፍቃዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ንብረት፣ ስለ ተጠያቂነት፣ ስለ ፖሊስ ይናገር ጀመር። በንግግሩ መሐል መሐሙድ ጆሮ ውስጥ አንድ ነገር ጡ አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጡ። ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው፤ የውጭ አገር ቁጥር ከበፍቃዱ ቁጥር ጀርባ ቆሞ እያንኳኳ ነው።

«ልጄ፣ በአላህ ዝጋልኝ። ልጄ እየደወለች ነው።»

«የምን ልጅ?»

አንዱን ዘግቶ ሌላውን ማንሳት በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ አያውቅም፤ ያሳየውም የለም። ቀዩን ተጫነ። ስልኩ ዝም አለ። ዳር ላይ ያሉት ትናንሽ መስመሮች አንድ በአንድ ረገፉና ኔትወርክ የለም የሚል ጽሑፍ መጣ። ሀጀራ ስልኩን ከእጁ ነጥቃ ወደ ሰማይ ከፍ አደረገችው፤ ከፍ ቢያደርጉት ኔትወርክ የሚያገኝ ይመስል። እጇ እስኪዝል እንደያዘችው ቆመች።

ለናፍጣው ያልመጣው መኪና ለጓጉንቸሩ በማግሥቱ በጭቃው እየተንፏቀቀ መጣ። በፍቃዱም አብሮ ነበር፤ በአካል ሲያዩት ቀጭን፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ነው። አዲስ ጓጉንቸር ይዟል። ጀነሬተሩን አስነሳ። ታወሩ ነፍስ ሲዘራ የመሐሙድ ስልክ ደውለውልዎት ነበር የሚል መልእክት ተቀበለ። ያው የውጭ ቁጥር ነው። ሀጀራ በፍቃዱ ፊት ነገሩን ሁሉ ዘረገፈችው። ልጁ አዲሱን ጓጉንቸር እንደያዘ ቀረ።

«አባቴ፣ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለ።

መሐሙድ እርስዎ መባሉን ሰማ።

በፍቃዱ በራሱ ስልክ ቁጥሩን ደውሎ ለሀጀራ ሰጣት። አንዲት ሴት በዓረብኛ አንድ ነገር ትላለች፤ ትጨርስና እንደገና ያንኑ ትላለች። በፍቃዱ የተዘጋ ስልክ መሆኑ ገብቶት ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ሀጀራ ግን ፊቷን አዞረችበት።

«ተው እስቲ፣ ትጨርስ» አለች። «ቦታውን እየነገረችን ይሆናል።»